ሩብ ዙር

ሐሙስ ጠዋት ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ከማሽኑ ጩኸት በላይ የሚሰማው ሳቅ ነበር። ሠርጉ እሑድ ነው። ሙሽራውም ሙሽራዋም እዚያው፣ በአንድ ማሽን ላይ፣ በአሥር እርምጃ ርቀት የሚሠሩ ስለሆኑ ከሰኞ ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ የረባ ሥራ ተሠርቷል የሚል ሰው ካለ ዓይኑን በጨው የታጠበ ውሸታም ነው።

ማሽኑ ባለ አራት ቀለም ነው፤ ርዝመቱ አንድ አውቶቡስ ያህላል። ወረቀቱ በአንደኛው ጫፍ ነጭ ሆኖ ይገባና አራት ጣቢያዎች አልፎ በሌላው ጫፍ ሥዕል ሆኖ ይወጣል። በየጣቢያው አንድ ቀለም፣ በየቀለሙ አንድ ሰው አለ። ከጊዜ ብዛት ሰዎቹ የቀለማቸውን ስም ወርሰው፣ የእናት የአባታቸውን ስም የሚያስታውሰው የደመወዝ ወረቀቱ ብቻ ነው። ሙሽራዋ ሰማያዊውን ስለያዘች ሰማያዊት ናት። ሙሽራው ቢጫው ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ቀዩ ነው፤ መልኩ ግን ከሁሉም የጠቆረ ነው። የመጀመሪያውን ጣቢያ የያዙት ሽማግሌ ጋሽ ጥቁሩ ደግሞ ቀይ ዳማ ናቸው። እንግዳ መጥቶ «ጋሽ ጥቁሩን ፈልጌ ነበር» ብሎ ቀዩን በአክብሮት ሲጨብጠው አራቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። ይህ ቀልድ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ እነሱን ግን ጨርሶ አልሰለቻቸውም።

ሰማያዊትና ቢጫው እንዲዋደዱ ያደረገው ቀዩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማሽኑ ሲጮኽ ጆሮ ስለማይሰማ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዱ ለሌላው የሚለውን ሁሉ በመካከል ቆሞ ያመላለሰው እሱ ነው። «ዛሬ አምሮብሻል ይልሻል» ይላታል በዚህ ጆሮዋ። «አፍህን ዝጋና ሥራህን ሥራ ትልሃለች፤ ግን እየሳቀች ነው» ይለዋል ወዲያ ዞሮ። ሰማያዊና ቢጫ ሲደራረቡ ምን እንደሚወጣ በዚያ ቤት የማያውቅ ስለሌለ፣ ጥንዶቹ ገና ቀለበት ሳያደርጉ ልጃቸው «አረንጓዴ» ተብሎ ስም ወጥቶለት ነበር።

ሰማያዊት አባት የላትም። ማሽን ያስተማሯት፣ እጇ ሮለር ውስጥ ሊገባ ሲል በጥፊ መትተው ያዳኗት፣ ስትታመም ሾርባ ይዘው የመጡት ጋሽ ጥቁሩ ናቸው። እሑድ በአባቷ ቦታ ሆነው፣ እጇን ይዘው፣ ከማተሚያ ቤቱ በር እስከ ግቢው ዛፍ ሥር ሊወስዷት ቃል ገብተዋል። ለሰማያዊት ከቀሚሱም፣ ከኬኩም፣ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ከሙሽራውም በላይ የሚያጓጓት ይህ ነበር። ያቺን ሠላሳ እርምጃ በልቧ ስትራመዳት ሁለት ወር ሆኗታል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። የትምህርት ቤቶቹ የዜግነት መጽሐፍ እስከ ዓርብ ቀትር ማለቅ አለበት። «ካለቀ ማሽኑ ይቆማል፣ ሁላችሁም ለሠርጉ ትለቀቃላችሁ። ካላለቀ እሑድም ሥራ ነው፤ ሙሽራዋም በቬሎዋ ላይ ሽርጥ ታድርግ!» ብለዋል ሥራ አስኪያጁ። የቀረውም አንድ ገጽ ነው፤ የምዕራፍ ሰባት የአገሪቱ ካርታ።

የምዕራፍ ሰባት ርዕስ «የአካባቢ ክፍፍል ለምን ወደ እርስ በርስ ጦርነት ያመራል?» የሚል ነበር። ይህን ሁሉም የሚያውቁት አንብበውት አይደለም፤ አታሚ የሚያትመውን ሲያነብ ታይቶ አይታወቅም። የሚያውቁት እትዬ አራሚ ስለሚጮኹበት ነው። እትዬ አራሚ ጥግ ላይ ባለችው የመስታወት ክፍል ተቀምጠው ጽሑፉን ከነሥርዓተ ነጥቡ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ አንዲት ነጥብ እንዳታመልጣቸው ሙያቸው የሚጠይቀው እንደዚያ ነው።

«የአንድ አገር ሰዎች በተለያየ አካባቢ መኖራቸው፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ብቻውን ጦርነት አያመጣም፣ አራት ነጥብ!»

«አሜን!» ይላል ቀዩ ከማሽኑ ጀርባ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን የካርታው የመጀመሪያ ወረቀት ወጣ። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ገጽ የሚሠራው ነዳፊ ከክፍሉ እየሮጠ መጣ፤ ፊቱ ላይ የተንኮል ፈገግታ ነበር።

«ኑ፣ ኑ፣ ራሳችሁን እዩ! የሠርግ ስጦታዬ ነው።»

አራቱ ወረቀቱን ከበቡት። ነዳፊው ከየሰዉ ማኅደር ላይ የትውልድ ቦታቸውን ፈልጎ ካርታውን በነሱ ስም ቀብቶት ኖሯል። ሰማያዊት ሰሜን ተወልዳለች፤ ሰሜን ሰማያዊ ሆነ። ቢጫው የደቡብ ልጅ ነው፤ ደቡብ ቢጫ ሆነ። ቀዩ ከምሥራቅ ነው፤ ምሥራቅ ቀላ። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሲሠሩ አንዱ የሌላውን የትውልድ ማዕዘን በወሬ ወሬ ሰምቶት ይሆናል እንጂ ጉዳዬ ያለው አልነበረም።

«እንዴ! ምሥራቅ እንዲህ ጠባብ ነው?» አለ ቀዩ። «እኔ እኮ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ ቀኑን ሙሉ ነው የምጓዘው።»

«አውቶቡሱ ነዋ የሚጎተተው» አለ ቢጫው።

ሳቁ።

«እኔስ የት አለሁ?» አሉ ጋሽ ጥቁሩ።

«እርስዎ ምዕራብ ነዎት ጋሼ፤ አረንጓዴው።»

«አረንጓዴ የሚባል ጣሳ አለን እንዴ እኛ?»

«የለንም። ከሰማያዊና ከቢጫ ተደራርቦ ነው የሚመጣው። መቼስ ካርታውን ጥቁር አልቀባው!»

ጋሽ ጥቁሩ ሰማያዊትን አዩ፤ ከዚያ ቢጫውን አዩ። «ስለዚህ እኔ የነዚህ የሁለቱ ልጅ ነኝ ማለት ነው?»

ይሄኔ ነው ሳቅ ማለት። ቢጫው መሬት ላይ ተቀመጠ። ቀዩ «አረንጓዴ ሠርጉ ሳይደርስ ተወለደ፤ ያውም ባለ ሪዝ ሆኖ!» እያለ ማሽኑን ደበደበ። ሰማያዊት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ጋሽ ጥቁሩም ሳቁ፤ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ሆድ ሲብሳቸው መነጽር እንደሚጠርጉ ሰማያዊት ታውቃለች፤ ሳቅ ላይ ስለነበረች አላየችላቸውም።

ሁሉም ወደየጣቢያው ሲመለስ ሰማያዊት ወረቀቱን ይዛ ቀረች። ሰሜን ቆንጆ ነው። ግን ልክ ሰማያዊ አይደለም፤ ትንሽ ቀይ ገብቶበት ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ምንም አይደለም፣ አለች በልቧ። ቀጥላ ደግሞ፣ ለምን ይሆን ግን፣ አለች።

በየጣቢያው ራስጌ ላይ ቀለሙን የሚመጥኑ ትንንሽ ብሎኖች አሉ። ሲከፍቷቸው ቀለም ይበዛል፣ ሲዘጓቸው ያንሳል። ጠዋት አራቱም ተስማምተው መጠኑን ከወሰኑ በኋላ ብሎን የሚነካ አይኖርም፤ ይህ በዚያ ቤት ከተጻፈው ደንብ ሁሉ የሚበልጥ ያልተጻፈ ሕግ ነው። ብሎኑ ሲዞር ቀጭ ይላል። ሲከፈትም ቀጭ፣ ሲዘጋም ቀጭ ነው።

እንግዲህ ሰማያዊት ወይን ጠጅ የመሰለውን ሰሜን እያየች ሳለ ከወደ ቀዩ ጣቢያ ቀጭ የሚል ሰማች።

ቀና ስትል ቀዩ ጀርባውን ሰጥቷት ከብሎኖቹ ላይ እጁን ሲያነሳ አየች። ያፏጫል። እጁን በጨርቅ ጠረገና ምንም እንዳልተፈጠረ ወረቀት ማስተካከል ጀመረ። አሃ! ምሥራቅ ጠበበኝ ያለው ቀልዱን አልነበረም ለካ። በኔ ሰሜን ላይ ቀይ እየረጨ ነው። ነገሩ ገባት፤ ወይም የገባት መሰላት፤ ለጊዜው ልዩነቱ አይታወቅም።

ሰማያዊት ግራ ቀኝ አየች። ብሎኑን ያዘች። ሩብ ዙር ብቻ፤ ለጥራት ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ቀጭ። ከዚያ በኋላ የተሰማትን ለማንም አትነግርም፤ ደስ ብሏት ነበር።

ከእትዬ አራሚ ክፍል ድምፅ መጣ፦ «አንዱ አካባቢ፣ ሌላው ሊቀድመኝ ነው ብሎ ሲፈራ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ራሱ ይቀድማል፣ አራት ነጥብ!»

ሰማያዊ ሲበዛ ደቡብ ላይም ትንሽ ያርፋል። ቢጫው ቀጣዩን ወረቀት ሲያይ ደቡቡ አረንጓዴ አረንጓዴ ሸተተው። ሠርግ ሠርግ ነው፣ ሥራ ሥራ ነው አለና ሩብ ዙር ከፈተ። ቢጫ ሲበዛ ምሥራቅ ብርቱካን መሰለ፤ ቀዩ ዓይኑን አሸና እሱም ሩብ ዙር ከፈተ። ጋሽ ጥቁሩ ጣሳ የሌለው አገር ይዘው ምን ይክፈቱ? የጥቁር ሥራ ፊደልና የድንበር መስመር ነው። ስለዚህ የምዕራብን ድንበር አወፈሩት። መጀመሪያ ክር የነበረው መስመር ገመድ ሆነ፤ ከአምስት ወረቀት በኋላ ደግሞ የመኪና ጎማ ያለፈበት መሰለ።

«ጋሼ፣ ይቺ ድንበር አልወፈረችም?» አለ ቢጫው።

«ድንበር እንዲታይ ነው የሚሰመረው።»

«እኛ ውስጥ ገብታለች እኮ!»

«'እኛ' ማነው?» አሉ ጋሽ ጥቁሩ። በአሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚያ ቤት ተጠይቆ አያውቅም። 

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስታወስ የሚችል የለም፤ ሁሉም «እኔ መልስ ነው የሰጠሁት» ይላል። ማሽኑ ቆመ። ብሎኑን ማን ነካው ተባለ፤ አራቱም እጃቸውን አንስተው አልነካሁም ብለው ማሉ፤ ሰማያዊት ከሁሉም ጮክ ብላ ማለች። የወረቀት መጋዘኑ ቁልፍ በቀዩ እጅ ነበር፤ ኪሱ ከተተና «ከአሁን በኋላ ወረቀት የሚወጣው ከምሥራቅ ፈቃድ ሲገኝ ነው» አለ። ማሽኑ ያለ ውኃ አይሠራም፤ ቢጫው የውኃውን በርሜል ወደ ራሱ ጎትቶ ተቀመጠበት። ሰማያዊት የቀለም ማጠቢያ ጋዙንና ጨርቁን ሰብስባ ታቀፈች። ጋሽ ጥቁሩ ሄደው የመብራቱን ዋና ማጥፊያ አጠፉና ሥሩ ወንበር ዘረጉ። ነዳፊው «እኔ እኮ ለሳቅ ነው!» ብሎ ሊያስታርቅ ሲሞክር አራቱም በአንድ ድምፅ «አንተ ዝም በል!» አሉት። በዚያን ቀን የተስማሙበት ብቸኛ ነገር ይህ ነበር። ነዳፊው ክፍሉ ገብቶ በሩን ቆለፈ።

ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ለጉድ ነው። አንድ ጠረጴዛ የነበረው አራት ሆነ። ቀዩ መሬቱ ላይ በማሸጊያ ፕላስተር ድንበር ለጠፈ። ቢጫው እጁ ክርኑ ድረስ ቀለም ነው፤ ማጠቢያው ግን ሰሜን ዘንድ ስለሆነ ዳቦውን በሁለት ቢጫ ጣቶቹ አንጠልጥሎ በላ። ሰማያዊት ሻይ አማራት፤ ማፍያው ምዕራብ ግዛት ውስጥ ሶኬቱ ላይ ነው፤ ውኃው ደቡብ ነው፤ ስኳሩን ቀዩ ይዞታል። አራቱም ሻይ አምሯቸው፣ አራቱም ሳይጠጡ፣ አራቱም አንገታቸውን ቀና አድርገው ተቀመጡ።

በዚህ መካከል የሰማያዊት ስልክ ጮኸ። አክስቷ ናቸው፤ ቅዳሜ ከነቤተሰቡ ሊመጡ ትኬት የቆረጡ።

«ምነው ድምፅሽ ልጄ?»

«ምንም አክስቴ፤ እዚህ ከደቡቦቹ ጋር ትንሽ...»

ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ደቡቦቹ! ደቡቦቹ ማለት እኮ በርሜል ላይ የተቀመጠ፣ እጁ ቢጫ የሆነ፣ የምትወደው አንድ ሰው ነው። አክስቷ ግን ቃሏን ከአየር ላይ ቀለቧት።

«ድሮም ብዬሻለሁ! እኛ ሰው አጥተን ነው? ቆይ ለአጎትሽ ልንገረው።»

አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ የሰሜን ዘመድ ሁሉ ሰማ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የቢጫው ስልክ ጮኸ፤ የደቡብ አጎቱ ናቸው። እሳቸውም ከየት እንደሰሙ እንጃ፣ «እኛን ንቀው ነው፤ አንመጣም» አሉ። ቢጫው ስልኩን ዘግቶ ወደ ፕላስተሩ ድንበር መጣ።

«አንቺ ነሽ ለዘመድ የነገርሽው?»

«አንተ ነህ የኔን ሰሜን አረንጓዴ የቀባኸው?»

«እናንተ ስትጀምሩ ዝም ይባል?»

«እናንተ? ከመቼ ጀምሮ ነው እኔ ብዙ የሆንኩት?»

አንዳንዴ ሰው የሚመልሰው ሲያጣ ከሁሉ የከፋውን ይመልሳል። «እሑድን እንግዲህ ስንደርስ እናየዋለን» አላት። ሰማያዊት እንደ ሁልጊዜው ወደ ጋሽ ጥቁሩ ዞረች፤ ችግር ሲገጥማት ሄዳ የምትወሸቀው እዚያ ነው።

«ጋሼ፣ ይሰማሉ የሚለኝን?»

ጋሽ ጥቁሩ መነጽራቸውን እየጠረጉ ቀና ሳይሉ ተናገሩ። «እኔ ምን አገባኝ። እኔ የናንተ ድብልቅ ነኝ። ድብልቅ ደግሞ የሰው ልጅ እጅ ይዞ አይወጣም፤ ሌላ አባት ፈልጊ።»

ሰማያዊት አላለቀሰችም። ቅስሟ ተሰበረ፤ ያቺ ሠላሳ እርምጃ ከፊቷ ጠፋች። ማጠቢያውን ይበልጥ አቅፋ ቆመች።

«ሁሉም እኩል የሚያምነው ዳኛ ሲጠፋ፣ ነጠላ ሰረዝ» አሉ እትዬ አራሚ ከመስታወቱ ውስጥ፤ ቀና ሲሉ አራቱም አፍጥጠውባቸዋል።

«እትዬ፣ እርስዎ ይፍረዱና!» አለ ቀዩ።

«መጀመሪያ ከየት እንደሆኑ ይንገሩን» አለ ቢጫው።

«እኔ ከዚህ ከመስታወቱ ውስጥ ነኝ» አሉ እትዬ አራሚ፤ «የማውቀውም ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው!» መስኮታቸውንም ግጥም አደረጉት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ጥቁሩ ማን የማሽኑ ጌታ እንደሆነ ለማሳየት ማጥፊያውን መልሰው አበሩት። ማሽኑ ማንንም ሳያስፈቅድ ተነሳ፤ በሆዱ በቀረችው ውኃ ጠዋት የተጫነለትን ሦስት ሺህ ወረቀት ዋጠና በሌላው ጫፍ ሦስት ሺህ ካርታ ተፋ። አራቱም የየራሳቸውን አገር ሊያዩ ተሯሯጡ።

ሰሜን የለም። ደቡብ የለም። ምሥራቅም ምዕራብም የሉም። ወረቀቱ ላይ ያለው የዝናብ ቀን ጭቃ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ጭቃ፣ በመካከሉ እንደ ጎማ የወፈረ ጥቁር መስመር። ቀለም ማለት እንደዚህ ነው፤ ሁሉም ልድመቅ ሲል ማንም አይታይም። አራቱ አታሚዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የሚበሉት እንጀራ ነው። የዚያን ቀን ግን አላወቁትም።

«አጠፋችሁን!» አለ ቀዩ። ዓይኑ ደም ለብሶ የማሽኑን ብረት መፍቻ አነሳ። ቢጫው የቀለም ቢላውን ይዞ ከበርሜሉ ላይ ዘለለ። ጋሽ ጥቁሩ «ኧረ ልጆች!» እያሉ በመካከል ገቡ። ሰማያዊት ጮኸች። ብረቱ ተነሳ፣ ወረደ፤ ቢጫው ጎንበስ አለ፤ ብረቱ ከጭንቅላቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ አልፎ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ጣሳ መታ። ጣሳው ተገልብጦ ጋሽ ጥቁሩ ግንባር ላይ አረፈ።

ወደቁ። ከፀጉራቸው ሥር ቀይ ነገር ወጥቶ በግንባራቸው፣ በአፍንጫቸው፣ በአገጫቸው ወረደ።

ማሽኑን ማን እንዳጠፋው አይታወቅም። ብረቱ ከቀዩ እጅ ወደቀ። ሰማያዊት ሮጣ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ማጠቢያው፣ ጨርቁ፣ ሰሜኑ ምኑም ምኑም ትዝ አላላትም። ቀኑን ሙሉ ያልፈሰሰ እንባዋ አሁን ወረደ።

«አይ ልጆቼ» አሉ ጋሽ ጥቁሩ ዓይናቸውን ጨፍነው፤ ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «ሳልሞት ልናገር። ድንበሩን ያወፈርኩት እኔ ነኝ። አረንጓዴ ስባል ከፋኝ። ሳቃችሁብኝ። በዚህ ዕድሜዬ... በመስመር ተቀየምኩ።»

ቢጫው ተንበረከከ። «እኔም ከፍቻለሁ ጋሼ፤ ሩብ ዙር። ይማሩኝ። ሰማያዊት ብቻ ናት ንጹሕ፤ እሷ ምንም አልነካችም። ከሁላችንም ጮክ ብላ የማለችው እሷ ናት። እኔ ነኝ ከንቱው!»

እውነቱን እንናገር፤ ሰማያዊት በዚያች ቅጽበት ዝም ብላ ልታልፈው አስባ ነበር። ንጹሕ መባል ይጣፍጣል።

ቀዩ ግን እያለቀሰ ነበር። «እኔም ከፍቻለሁ። ኋላ ላይ፣ ቢጫ ሲበዛብኝ። ግን በእግዜር፣ ጠዋት እንደዚያ አልነበረም። ጠዋት እኮ ዘግቼው ነበር!»

«ምኑን?» አለች ሰማያዊት።

«ቀዩን። ሰሜን ላይ ትንሽ ቀይ ገብቶ አየሁና፣ ሙሽራ ናት፣ ሰማያዊዋ ጠርታ ትውጣላት ብዬ ሩብ ዙር ዘጋሁ። ምሥራቅ ትንሽ ቢደበዝዝ ምን አለበት አልኩ። የሠርግ ስጦታዬ ነበር። ሳልነግርሽ፣ ራስሽ አይተሽ እንድትደሰቺ።»

ሰማያዊት ያቺን ቀጭ እንደገና ሰማቻት። ፉጨቱን ሰማች። እጁን ሲጠርግ ያየችው ጀርባው ታያት፤ ሰርቆ የሚሄድ ሰው ጀርባ የመሰላት፣ ስጦታ ደብቆ የሚሄድ ሰው ጀርባ ነበር። ከእግሯ እስከ ራሷ አፈረች።

«እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ አልወጣም። ደገመችው። «የጀመርኩት እኔ ነኝ። የብሎንህን ድምፅ ሰምቼ ከፈትክብኝ ብዬ ነው። አልጠየቅኩህም። ዞር ብዬ 'ምን አደረግክ?' ብልህ አንዲት ቃል ነበረች። ሩብ ዙር ከፈትኩ፤ ከዚያ አልነካሁም ብዬ ማልኩ። ጋሼን የገደልኳቸው እኔ ነኝ!»

ከመስታወቱ ውስጥ እንኳ ነጠላ ሰረዝ አልተሰማም።

ጋሽ ጥቁሩ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። ምላሳቸውን አውጥተው ከንፈራቸውን ቀመሱ። አሰቡበትና እንደገና ቀመሱ።

«ደም ጨው ጨው ነው የሚለው፣ አይደል?»

«አዎ ጋሼ» አለች ሰማያዊት እየተንሰቀሰቀች።

«ይኼ ግን ማሽን ማሽን ይላል።»

ቀዩ የወደቀውን ጣሳ አነሳ። የራሱ ቀለም ጣሳ ነው። ባዶ ነው። ጣሳውን አየ፣ ጋሽ ጥቁሩን አየ፣ «ጋሼ... ምሥራቅ ሆነዋል እኮ!» አለ።

ከዚያ የመጣው ሳቅ የጠዋቱ ዓይነት አልነበረም፤ አንጀት የሚያላውስ፣ ከልቅሶ የማይለይ፣ ሰው ከገደል አፍ ላይ ሲመለስ የሚስቀው ሳቅ ነው። ቢጫው መተንፈስ አቅቶት ግድግዳ ያዘ። ጋሽ ጥቁሩ ተነስተው ተቀምጠው «ኑዛዜዬን መልሱልኝ!» እያሉ ጮኹ። እትዬ አራሚ መስኮታቸውን ከፍተው «ሞቱ ወይስ አልሞቱም? እዚህ አራት ነጥብ ላድርግ?» ብለው ሲጠይቁ የቀረውም ትንፋሽ አለቀ።

ሥራ አስኪያጁ የሰጡት ቀን ግን አልሳቀም። ማጠቢያው ወጣ፣ ውኃው ተመለሰ፣ መጋዘኑ ተከፈተ፣ ፕላስተሩ ተላጠ። ብሎኖቹን ወደ ልካቸው የመመለስ ተራ ሲደርስ አራቱም እጃቸውን ሰብስበው ቆሙ፤ ማንም የራሱን ለመንካት ደፍሮ አልቀረበም። በመጨረሻ ሰማያዊት ወደ ቀዩ ጣቢያ ሄዳ የሱን ዘጋች። ቀዩ የቢጫውን፣ ቢጫው የጋሽ ጥቁሩን፣ ጋሽ ጥቁሩ የሰማያዊትን አስተካከሉ። በሚቀጥለው ቀን አራት ሰዓት ላይ፣ ከቀትር ሁለት ሰዓት ቀድሞ፣ የመጨረሻው ካርታ ወጣ። ጋሽ ጥቁሩ አንዱን ወደ መስኮቱ አቅርበው ምዕራብን ለረጅም ጊዜ አዩት። ጥርት ያለ አረንጓዴ ነበር።

«ልጃችሁ ያምራል» አሉ ለሰማያዊት። «አንድ ልጅ ደግሞ እናቱን ቢድር ነውር የለውም።»

እሑድ ዘመድ ሁሉ መጣ። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ በስልክ የተለመነው ልመና ለብቻው አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። በግቢው ዛፍ ሥር ጠረጴዛዎቹ ተዘርግተዋል፤ የለበሱት ጨርቅ አልነበረም፤ ሦስት ሺህ ጭቃ የመሰለ ካርታ የት ይጣላል? ሰማያዊት በማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቬሎዋን ለብሳ ቆመች፤ ጋሽ ጥቁሩ እጇን ያዙ። ግንባራቸው ላይ ትንሽ እብጠት ነበረች፤ ቀይ ቀለሙም በጋዝ ቢታሽ፣ በሳሙና ቢታጠብ ቆዳቸውን አልለቀቀም። በዚያ ቀይ ግንባራቸው ላይ ጥቁር ኮፍያ ደፍተው ሠላሳዋን እርምጃ ወሰዷት። ቆጠረቻቸው፤ ሠላሳ አንድ ሆኑ፤ አንዷን ጋሼ ከደስታ ብዛት ተደናቅፈው የጨመሯት ናት።

ምሳ ላይ ኮፍያው ወለቀ። የሰማያዊት አክስት ያን ግንባር አዩና ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እኚህን ሽማግሌ እንዲህ ያደረጓቸው የባልሽ ወገኖች ናቸው አይደል? ደቡቦቹ?»

በዚያው ሰዓት፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ፣ የቢጫው አጎት ወደ ቢጫው ጎንበስ ብለው የቀዩን ትከሻ በዓይናቸው እያመላከቱ ነበር። ሲጠይቁት ሰማያዊት ሰማች። «ያ ምሥራቁ ነው አይደል የመታቸው?»

ሰማያዊት ሹካዋን አስቀመጠች። ጆሮዋ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ የሰማች መሰላት። ሙሽራ እንዲህ አያደርግም ቢሏትም ወንበሯ ላይ ወጥታ ቆመች፤ ቬሎዋን ሰብስባ፣ ዘመዱ ሁሉ እንዲሰማ፣ ማሽን ላይ እንደለመደችው ጮኸች።

«እኔ ነኝ! የጋሼን ግንባር እንዲህ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሳልጠይቅ ሩብ ዙር ከፍቼ!»

ከሁለቱም ወገን የመጣው ዘመድ ምን እንደምትል አልገባውም። ቀዩ ግን ጉርሻው አንቆት ያስላል፤ ቢጫው ጠረጴዛው ሥር ገብቷል፤ ጋሽ ጥቁሩ በቀይ ግንባራቸው ላይ አንድ እጃቸውን ጭነው በሌላው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። አክስቷ መጀመሪያ ሽማግሌውን፣ ቀጥሎ አጎትየውን አዩ። አጎትየውም እሳቸውን አዩ። ከዚያ ምን እንደሚያስቅ ሳያውቁ፣ ሁለቱም እኩል፣ መሳቅ ጀመሩ።